የማደሪያ ያለህ!

ደቡብ ኦሞ፣ ቱርሚ የገባነው ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ነው። ከአርባ ምንጭ በሌሊት ተነሥተን ኮንሶን፣ ወይጦን፣ ቀይ አፈርንና ዲመካን አልፈን ስንደርስ ከልጆቹ አንዱ ተኝቷል፣ ሁለቱ ተኮራርፈዋል። መኪናችን አሮጌ ዶልፊን ሚኒባስ ናት። የኋላ ወንበሮቿን አስነቅለን በምትካቸው አናጢ የሠራውን ርብራብ አስገባንና ስፖንጅ ፍራሽ አነጠፍንበት። ከርብራቡ ሥር ቡታጋዝ፣ ድስት፣ ጀበና፣ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጄሪካን፣ አንድ ድንኳንና አንድ አካፋ አለ። ቤታችንን ይዘን ነው የምንዞረው። ከሰው የምንፈልገው መኪናዋን የምናቆምበት ሜዳ፣ ድንኳኑን የምንተክልበት ጥላ፣ ጄሪካኑን የምንሞላበት ውሃና ሽንት ቤት ብቻ ነው።

ድንኳን ያስተክላሉ የተባለ አንድ ግቢ በር ላይ ቆምን። በሩን የከፈተልን ወጣት ጨዋ ልጅ ነው፤ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠን። የድንኳኑ ዋጋ ስንት እንደሆነ ጠየቅሁት፣ ነገረኝ። ብዙ ነው። ግን መሽቷል፣ ልጆቹም ደክመዋል፤ እሺ አልኩ።

«ጋሼ፣ እሱ የድንኳኑ ነው። የመኪናው ለብቻ ነው።»

«ልጄ፣ መኪናዋ ውስጥ እኮ ነው የምንተኛው። ድንኳኑ ለልጆቹ ነው።»

«እንደሱ ከሆነ የሰው አለ» አለኝ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ። «በሰው ይከፈላል። ልጆቹም ይቆጠራሉ።»

ቆጠረን፤ አምስት ነን። ከዚያ የውሃው መጣ፣ በጄሪካን ይታሰባል። ከዚያ የማገዶው። ከዚያ የዘበኛው፤ ዘበኛው የግቢው ሠራተኛ ሳይሆን ተራ ደርሶት የመጣ ነው፣ ስለዚህ የሱ ለራሱ ይሰጣል። ባለቤቴ ስልኳን አውጥታ ስትደምረው አርባ ምንጭ ላይ ለአንድ ሌሊት አልጋ ከከፈልነው በለጠ። አልጋው ግን አንሶላ፣ መብራትና ሻወር ነበረው። ደረሰኝ ስንጠይቅ «ጠዋት ኃላፊው ሲመጣ ይቆርጥላችኋል» ተባልን። ጠዋት እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ጠበቅን፣ ኃላፊው አልመጣም።

የግቢውን ስም አልጠራም፣ ልጁንም አልከስም፤ ያዘዙትን ነው የተናገረው። ነገሩ የአንድ ግቢ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ብዕር አላነሣም ነበር። በድንኳን የሚጓዝ ሰው በተገናኘ ቁጥር የሚያወራው ይህንኑ ነው። ከአዲስ አበባ በየወሩ ሻንጣቸውን አዝለው የሚወጡት የእግር ጉዞ ቡድኖች፣ በዓመት አንድ ጊዜ ቤተሰቡን ጭኖ አገር ላሳይ የሚለው መምህር፣ ለጥምቀት ከውጭ መጥቶ መኪና የተከራየው ዘመድ፣ ሁሉም አንድ ቁስል ነው የሚያኩት። ማደሪያ ጠፋ። ያለውም ለድንኳን ሰው አልታሰበም።

እኔን የሚከነክነኝ ድንኳን ለዚህ አገር እንግዳ ነገር አለመሆኑ ነው። ሰፈር የምንለው ቃል ራሱ ከመስፈር የመጣ ነው፤ ጦሩም ሲራራ ነጋዴውም ጓዙን አራግፎ፣ በቅሎውን አስሮ፣ ድንኳኑን የተከለበት ቦታ ሰፈር ነው። አዲስ አበባ እንኳ የተቆረቆረችው በፍል ውሃ ዙሪያ በተተከሉ ድንኳኖች ነው። መንገደኛ ሲመሽበት ደጃፍ ቆሞ «የመሸበት የእግዜር እንግዳ» ካለ ቢያንስ ግቢ ውስጥ ይገባል፣ እግሩን የሚታጠብበት ውሃ ይቀርብለታል። እዚያው ቱርሚ ደግሞ የሐመር ሰው ቦርኮቶውን በእጁ አንጠልጥሎ ነው የሚሄደው። ሲቀመጥ በርጩማው፣ ሲተኛ ትራሱ ናት። ከብት ተከትሎ በወጣበት በመሸበት ያድራል፤ ከአንዲት ጥርብ እንጨት በቀር ጓዝ የለውም። ሜዳ ላይ ማደርን ከማንም በላይ በሚያውቅ ሕዝብ አገር ለአንድ ሌሊት መሬት ፍለጋ ከበር በር መንከራተት በጣም ይደክማል።

«ታዲያ ለምን ጫካ ውስጥ አታድሩም?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። አድረን እናውቃለን፤ ያኔ የተማርኩትን ልንገራችሁ።

ከዚህ በፊት በሄድንበት ጊዜ ከከተማው ወጣ ብለን፣ ዙሪያው ግራርና ቁጥቋጦ በሆነ ገላጣ ላይ መኪናዋን አቆምን። ማንም የለም። እንደ መሰለን ነው እንጂ። ጠዋት ዓይናችንን ስንገልጥ አንድ አዛውንት ቦርኮቷቸው ላይ ተቀምጠው እያዩን ነው፤ አጠገባቸው ትምህርት ቤት የሚሄድ፣ አማርኛ የሚናገር የልጅ ልጃቸው ቆሟል። መቼ እንደመጡ አናውቅም፣ አልቀሰቀሱንም። ወጥቼ እጅ ነሣሁ። አዛውንቱ ረጋ ብለው ተናገሩ፣ ልጁ ተረጎመ፤ «አባባ ማታ ለምን መጥታችሁ አልነገራችሁንም ይላሉ። ፍየሎቹ ወደ ውሃ የሚወርዱት በዚህ ነው። መኪናው ዘጋባቸው፣ ፈሩ።» ቀና ብዬ ሳይ የቆምንበት ግራር ላይ ከግንድ የተፈለፈለ ቀፎ ተሰቅሏል። ያቺ ዛፍ ባለቤት አላት። ከቁጥቋጦው ባሻገር ደግሞ የማሽላ ማሳ ነበር፤ በጨለማ አላየነውም። አፍሬ ይቅርታ ጠየቅሁ። አዛውንቱ ገንዘብ አልጠየቁንም። ቡና አፈላን፣ ልጁ ሮጦ የቡና ገለባ ሸፈሮ በቅል አመጣልን፣ አብረን ጠጣንና መኪናዋን ከፍየሎቹ መንገድ ላይ አነሣን።

ከዚያ ወዲህ «ባዶ ሜዳ» የሚለው ቃል ከአፌ አይወጣም። ቱርሚ ዙሪያ ባዶ ሜዳ የለም። የግጦሽ መሬት፣ የንብ መሬት፣ የእርሻ መሬት፣ የመተላለፊያ መሬት ነው። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 አርብቶ አደሩ ለግጦሽና ለእርሻ የሚሆነውን መሬት በነፃ የማግኘትና ያለመፈናቀል መብት እንዳለው ይናገራል። ስለዚህ እኔ በየዛፉ ሥር በነፃ ልደር የሚል ጥያቄ የለኝም። የምለው ባለመሬቱ «እዚህ እደሩ፣ ዋጋው ይህ ነው» ብሎ ያሳየን ነው። ያ ቦታ በሌለበት አገር እንግዳው ወይ የሰው ማሳ ውስጥ ይገባል፣ ወይ አሸዋ ላይ ይተኛል።

አሸዋውን አንሥቼ ዝም ልል አልችልም። ከቱርሚ አጠገብ የሚያልፈው የካስኬ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ነው። ሰፊ፣ ነጭ፣ ንጹሕ አሸዋ፤ ዳርና ዳሩ ትልልቅ ዛፍ። የሐመር ሴቶች አሸዋውን በእጃቸውና በቅል እየጫሩ ጉድጓድ ይቆፍሩና ቀስ ብሎ የሚያቆረውን ውሃ እየቀዱ ጄሪካን ይሞላሉ። ቀን ላይ ያየው የከተማ ሰው ከዚህ የተሻለ መኝታ የት ይገኛል ብሎ ያስባል። ዋጋ የሚጠይቀው የለም፣ እሾህ የለውም፣ ለድንኳን ካስማ ይመቻል። ግን የወንዝ ሆድ ነው። በስተሰሜን ያለው የቡስካ ተራራ ላይ ሲዘንብ ቱርሚ ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ ሰማዩ በኮከብ ተሞልቶ እያለ፣ ደራሽ ውሃ ግንድ እየገለበጠ ይመጣል።

አንድ የሚያዝያ ሌሊት ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። አምስት ወጣቶች ከአዲስ አበባ መጥተው፣ ከአንድ ግቢ ዋጋ ጠይቀው፣ አልቻልነውም ብለው አሸዋው ላይ ሁለት ድንኳን ተክለው ነበር። እኛ ዳር ላይ ነን። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ገደማ አንድ የአካባቢው ሰው በእጁ ባትሪ ይዞ እየሮጠ ወርዶ በሐመርኛም በአማርኛም እየጮኸ ቀሰቀሳቸው። «ውኃ! ተነሡ፣ ውኃ!» እንቅልፍ ያልጠገቡት ልጆች ጫማቸውን ትተው ወጡ። ድንኳኑን ለመንቀል የተመለሰውን ያ ሰው በክንዱ ጎትቶ አወጣው። ጥቂት ቆይቶ ድምፁ ተሰማ፤ ዝናብ የሚመስል፣ ከዝናብ የከበደ፣ የሚንከባለል ድምፅ። በባትሪ ስናበራ ድንኳኖቹ የነበሩበት ቦታ ቡናማ ውሃ ነበር። የልጆቹ እጅ እስኪነጋ ሲንቀጠቀጥ አደረ። ያን ሌሊት አምስት ሰው ሊሞት የነበረው ዋጋው የሚቀመስ ማደሪያ በመታጣቱ ነው። እኔ እንዲህ ነው የማየው፣ ሐሳቤንም አልለውጥም።

የደጋ ሰው በወቅቱም ይሳሳታል። ደቡብ ኦሞ ላይ ትልቁ ዝናብ የእኛ ክረምት አይደለም፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። ለፋሲካ ዕረፍት ብሎ የወረደ ሰው ፀሐይ አገር ሄድኩ ብሎ ጎርፍ ያገኘዋል።

ወደ ዋጋው ልመለስ። የሎጅ ሰዎችንም ጭንቀት አውቀዋለሁ። መጀመሪያ ኮሮና መጣ፣ ቀጥሎ ጦርነት፤ የውጭ እንግዳ ለዓመታት ራቀ። ዲዝሉን፣ ምግቡን፣ ሳሙናውን ከሩቅ ነው የሚያመጡት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ዋጋውን በዶላር የተመነ ሎጅ በብር ሲቀይረው ሌላ ነገር ሆነ። ለጀርመን እንግዳ ያው ነው፤ ለአገሬው ሰው ግን ያው አይደለም። የመምህር ደመወዝ የሚያገኝ ሰው ልጆቹን ይዞ ሎጅ አልጋ ላይ አያድርም። አገሩን ሊያይ የሚችለው በድንኳን ነው፤ ድንኳኑም እንደ አልጋ ከተቆጠረበት ቤቱ ይቀራል። ልጆቹ ሐመርን፣ ካሮን፣ ዳሰነችን በቴሌቪዥን ብቻ አይተው ያድጋሉ። ይህ እኔን ያመኛል።

ሰኞ ሲቃረብ ደግሞ ይብሳል። ሰኞ የቱርሚ ገበያ ነው፤ ሐመሮች ፀጉራቸውን በቅቤና በቀይ አፈር ተቀብተው፣ ማር፣ ቅል፣ ማሽላ፣ ቡና ገለባ ይዘው ከየመንደሩ ይመጣሉ። እሱን ለማየት እሑድ ማታ የማይገባ አስጎብኚ የለም። ዲመካ ቅዳሜ፣ ቀይ አፈር ሐሙስ፣ ጂንካ ቅዳሜ። የገበያው ቀን የታወቀ ነው። ግን እሑድ ማታ ግቢዎቹ ሲሞሉና ዋጋው ሲዘል ሁልጊዜ ድንገት እንደደረሰ ነገር ይቆጠራል።

በመጨረሻው ጉዟችን ከአንድ ትልቅ የጭነት መኪና አጠገብ ነበርን። ባልና ሚስት ናቸው፣ ከአውሮፓ። ከኬንያ በቱርካና ሐይቅ ምሥራቅ ዳር፣ በኢለሬት አድርገው፣ ለቀናት የሚሆን ነዳጅና ውሃ ጭነው፣ ኦሞራቴ ላይ ፓስፖርታቸውን አስመትተው ነው የመጡት። ከኦሞራቴ ቱርሚ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከበረሃ የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ጥላና ውሃ ነው። መኪናቸው ውስጥ አልጋ፣ ማብሰያ፣ የውሃ ማጣሪያ አለ፤ እንደኛው ናቸው፣ ብቻ ቤታቸው ይሻላል። ስልካቸው ካርታ ላይ ምልክት የተደረገበት አንድ ቦታ ሄደው አጥሩ ፈርሶ፣ ሽንት ቤቱ ተዘግቶ አገኙት። ሌላው ጋ የጠዋቱ ዋጋና የማታው ዋጋ ተለያየባቸው። ሴትዮዋ የተናገረችው አንድ ነገር አልረሳውም፦ ገንዘቡ አይደለም፣ በየሰዓቱ አዲስ ነገር ሲጨመር ሰው ያታለለኝ ይመስለኛል፣ ያን መሰማት አልፈልግም አለችኝ። እኔም በዶልፊኔ በር ላይ ተቀምጬ እንደዚያው ነበር የተሰማኝ። ሦስት ቀን ልንቆይ የመጣን ሰዎች ሁላችንም በማግስቱ ወጣን። የሁለት ቀን የእንጀራ፣ የማር፣ የቡና፣ የአስጎብኚ ገንዘብ አብሮን ወጣ።

ለድንኳን ሰው ቦታ የማዘጋጀት ሥራ በአገራችን ተሠርቶ ያውቃል። ስሜን ተራሮች ላይ ሳንቃ በር፣ ግጭና ጨነቅ የድንኳን ቦታቸው የታወቀ ነው፤ መንገደኛው ደባርቅ ላይ ከፍሎ፣ ደረሰኙን ኪሱ ከትቶ፣ ስካውቱን ይዞ ይወጣል፣ ማታ ሌላ ጣጣ አይጠብቀውም። ማጎ ፓርክ ውስጥም ኔሪ ወንዝ ዳር የድንኳን ቦታ አለ። ጎርጎራ፣ ጣና ዳር፣ ቲምና ኪም የሚባል ግቢ ነበር፤ በመተማ በኩል ከሱዳን የሚገቡ ባለ መኪና መንገደኞች አቧራቸውን የሚያራግፉበት። አዲስ አበባም ለገሀር አካባቢ ዊም ሆላንድ ሀውስን ከካይሮ እስከ ኬፕታውን የሚነዳ ሰው ሁሉ ያውቀው ነበር፤ ቅንጦት አልነበረውም፣ ግቢ፣ ውሃና ምግብ ነበረው። ካስኬ ዳር በማንጎ ዛፎች ጥላ ሥር የአካባቢው ሰዎች የሚያስተዳድሩት የድንኳን ቦታም አለ፤ እኔ ለሚጠይቀኝ ሁሉ መጀመሪያ የምጠቁመው እሱን ነው። እንደሱ ያለው ግን ጥቂት ነው፤ የገበያ ሰሞን የሚመጣውን ሁሉ አይችልም።

የውጭውን አገር ያነሣሁ እንደሆነ እኛን የሚመስለውን ነው የማነሣው። ናሚቢያ በሰሜን ምዕራብ በኩል የሂምባ ሕዝብ አለ፤ ከብት አርቢ ነው፣ ሴቶቹ ልክ እንደ ሐመር ሴቶች ቅቤና ቀይ አፈር ይቀባሉ፣ ቱሪስትም እንደዚሁ በላንድክሩዘር ይጎርፍላቸዋል። ያች አገር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1996 ባወጣችው ሕግ ማኅበረሰቦች በጋራ መሬታቸው ላይ ያለውን አራዊትና ቱሪዝም ራሳቸው እንዲያስተዳድሩ ፈቀደች። ከዚያ በኋላ በየቦታው የማኅበረሰብ የድንኳን ቦታዎች ተከፈቱ። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ጥላ ያለው ቦታ፣ እሳት የሚነድበት የድንጋይ ክብ፣ የውሃ ቧንቧ፣ ሽንት ቤት፣ በር ላይ ዋጋ። ገንዘቡ ወደ ማኅበሩ ይገባል። አሜሪካ ደግሞ ከዚህም አልፋ፣ የመንግሥት የመሬት ቢሮዋ በሚያስተዳድረው ሰፊ መሬት ላይ ሰው ቆሻሻውን ይዞ እስከሄደ ድረስ በአብዛኛው ቦታ እስከ 14 ቀን በነፃ እንዲሰፍር ትፈቅዳለች። የእኛ መሬት የግጦሽ መሬት ነው፣ እንደ አሜሪካ እንሁን አልልም። እንደ ናሚቢያ ግን መሆን እንችላለን።

መንግሥት ለቱሪዝም ገንዘብ አላወጣም አይባልም። በገበታ ለሀገር ጎርጎራ፣ ወንጪና ኮይሻ ላይ የተሠሩትን አይቻለሁ፣ ውበታቸውን አልክድም። ነገር ግን በእያንዳንዱ ትልቅ ሎጅ ጥግ ላይ ለድንኳን ሰው ግማሽ ሄክታር ቢከለል ምን ይጎድል ነበር? ሽንት ቤት የአንድ የሎጅ ክፍል ዋጋ አያወጣም። የእጅ ፓምፕ አያወጣም። የመንገደኛ ሜዳ ምንም መሐንዲስ አያስጠራም። ያ ነው የሚያደክመኝ። የጠየቅነው ትልቅ ነገር ቢሆን ኖሮ «አቅም የለም» ሲሉኝ እረዳ ነበር።

እኛም ጥፋት አለብን፤ ሳልናገር ባልፍ ውሸታም እሆናለሁ። ከአዲስ አበባ የወጣ የካምፕ ቡድን ያደረበትን ቦታ ጠዋት ሄዶ ማየት ያሳፍራል። የላስቲክ ጠርሙስ፣ የቢራ ጠርሙስ ስብርባሪ፣ የሕፃን ዳይፐር፣ ከቁጥቋጦው ጀርባ ሽንት ቤት ወረቀት። ስብርባሪው የሚቆርጠው ባዶ እግሩን የሚሄደውን እረኛ ነው። ልጆቹ መንገድ ዳር ቆመው «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ ባዶ ጠርሙስ የሚለምኑት ውሃ ሊይዙበት ነው፤ እኛ ያንኑ ጠርሙስ ጨምድደን እሳት ውስጥ እንወረውራለን። እስከ እኩለ ሌሊት ስፒከር ከፍተው የሚያድሩም አሉ። እነዚህን አይቶ የአካባቢው ሰው በር ቢዘጋ አልፈርድበትም። ግን ሥርዓት ያለው ቦታ ቢኖር ጠባቂው «ቆሻሻህን አንሣ» የሚል ሰው ይሆናል። አሁን ማንም ሊል አይችልም፣ ምክንያቱም ቦታው የማን እንደሆነ ለእንግዳው አልተነገረውም።

ማገዶውም እንደዚያው ነው። እያንዳንዱ ቡድን እንጨት እየሰበሰበ ሲያነድ በዚያ ደረቅ መሬት ለዓመታት የቆመ ግራር ይመነምናል። ለቡና አንድ እፍኝ እንጨት ይበቃል፤ ለመደነስ የሚነድ እሳት ግን የአንድ ቤት የሳምንት ማገዶ ይጨርሳል። እኛ ቡታጋዝ ይዘን የምንዞረው ለዚህ ነው።

የሐመር ወረዳ አስተዳደርና የደቡብ ኦሞ ዞን የባህልና ቱሪዝም ሰዎች ይህን ካነበባችሁ ልለምናችሁ። ካስኬ ዳር፣ ከጎርፉ በላይ፣ ሽማግሌዎቹ «ይሄ ለፍየሉም ለንቡም አይጎዳም» የሚሉትን አንድ ሜዳ እነሱ ይምረጡ። ሁለት ሽንት ቤት ይቆፈርለት። ውሃው ለእንግዳ ብቻ ሳይሆን ለመንደሩም የሚሆን ፓምፕ ይሁን፤ የመንደሩ ሴት ሦስት ሰዓት አሸዋ ጭራ እየቀዳች እኔ ሜዳ ውስጥ መኪና ላጥብ አልፈልግም። በር ላይ በሐመርኛ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አንድ ዋጋ ይጻፍ፤ ሰኞም ማክሰኞም የማይለወጥ፣ ድንኳኑን፣ መኪናውን፣ ጥበቃውን፣ ውሃውን የጠቀለለ። አንድ ደረሰኝ ይቆረጥ። ገንዘቡ ለማን እንደሚገባ ሰሌዳው ላይ ይጻፍ። የመንደሩ ሰዎች ያስተዳድሩት፤ ማርና ሸፈሮ ይሽጡልን፣ እንገዛለን። ዋጋው ርካሽ ይሁን ስል ነፃ ይሁን ማለቴ አይደለም። ስንት እንደሆነ አውቀን ከቤታችን እንውጣ ነው የምለው።

እስከዚያው ግን ወደ ቱርሚ የምትሄዱ ወገኖቼ፣ ነዳጃችሁን አርባ ምንጭ ወይም ጂንካ ላይ ሙሉ፣ ጄሪካናችሁን ከቀይ አፈር በታች ባዶ ይዛችሁ አትውረዱ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ግቡ፤ የመሸበት ሰው ዋጋ አይከራከርም። በር ላይ ስትቆሙ ስለ ድንኳኑ ብቻ አትጠይቁ፤ ድንኳኑ፣ መኪናው፣ ሰው፣ ውሃ፣ ዘበኛ ተጠቅልሎ ስንት እንደሆነ ጠይቁና ወረቀት ላይ አስጽፉ። ከከተማ ውጭ ካደራችሁ መጀመሪያ ቅርብ ያለውን መንደር ሄዳችሁ ሽማግሌ አስፈቅዱ፣ የቀፎ ዛፍ ሥር አትቁሙ። አሸዋው ላይ ደግሞ ሰማዩ የፈለገውን ያህል ጥርት ቢል አትተኙ።